የኤክስቼንጅ ሰርቨር ዳግ፦ ሦስተኛው ድምጽ የት ይቀመጥ?

መሥሪያ ቤታችን ካዛንቺስ ነው። ወደ አራት መቶ የሚጠጋ ሠራተኛ ኢሜይሉን የሚያገኘው በሁለት ሰርቨሮች ላይ ከተከልነው የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ሰርቨር 2019 ሲሆን፣ እዚህ የምገመግመው ጠቅላላውን ምርት ሳይሆን አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ የደብዳቤ ሳጥኖቹ በሌላው ላይ ሥራቸውን እንዲቀጥሉ የሚያደርገውን ክፍል፣ ማለትም ዳታቤዝ አቬይለቢሊቲ ግሩፕን ነው። ባለሙያው በአጭሩ ዳግ ይለዋል።

ዳግ የመጣው ከኤክስቼንጅ 2010 ጋር ነው። እስከ 16 ሰርቨሮችን በአንድ ቡድን የሚያሰባስብ ሲሆን ከሥሩ የዊንዶውስ ፌይልኦቨር ክላስተር፣ ማለትም አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ሌላው እንዲተካው የሚያስተሳስራቸው ሥርዓት፣ አለ፤ ሆኖም ሰርቨሮቹ ዲስክ አይጋሩም። እያንዳንዱ የዳታቤዙን ሙሉ ቅጂ በራሱ ዲስክ ይይዛል፣ ሥራ ላይ የሚውለው ግን በአንድ ጊዜ አንዱ ቅጂ ብቻ ነው። በዳታቤዙ ላይ የሚደረገው ለውጥ ሁሉ አስቀድሞ መጠኑ 1 ሜጋባይት በሆነ የሎግ ፋይል (የለውጥ መዝገብ) ላይ ይሰፍራል፤ ሎጉም በኔትወርክ ወደ ሌላው ሰርቨር ተልኮ፣ ጤንነቱ ተመርምሮ፣ እዚያ ባለው ቅጂ ላይ ይተገበራል። ሰርቨር ሲጠፋ አክቲቭ ማናጀር የተባለው ክፍል ከቀሩት ቅጂዎች የተሻለውን መርጦ ያስነሣል። ምንም ካልቀየሩት የጎደለው ሎግ ከ6 እስካልበለጠ ድረስ ዳታቤዙ ሰው ሳይነካው ይነሣል፤ በዚያ ክፍተት የቀሩትን መልእክቶች ደግሞ ሴፍቲ ኔት ለ2 ቀን ከሚያቆየው ክምችት አውጥቶ እንደገና ያደርሳል። ይህ አሠራር በጥንቃቄ የታሰበበት ነው።

ዳግ ሥራውን የሚቀጥለው እንደ ምርጫ አብላጫ ድምጽ ሲያገኝ ብቻ ነው፤ የዚህን የድምጽ አቆጣጠር ያህል ግን የሚያሳስብ ነገር የለውም፤ ይህንንም የተማርነው በራሳችን ስህተት ነው። ሰርቨሮቻችን ሁለት ስለሆኑ ሦስተኛውን ድምጽ የሚሰጠው ምስክሩ ነው፤ ምስክር የሚባለውም በሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚከፈት የጋራ ፎልደር ነው። ከሦስቱ ድምጽ ሁለቱን ያላገኘ ወገን ዳታቤዙን ይዘጋል። ይህ ሕግ ባይኖር ግንኙነታቸው የተቋረጠ ሁለት ሰርቨሮች፣ እያንዳንዳቸው ሌላው ወድቋል ብለው፣ የአንዱን ዳታቤዝ ሁለት ቅጂ በየፊናቸው ሊጽፉበት ይችሉ ነበር።

በመጀመሪያ ምስክሩን ያስቀመጥነው እዚያው የሰርቨር ክፍል ውስጥ፣ ከአንደኛው ሰርቨር ጋር በአንድ ዩፒኤስ ላይ ነበር። አንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩም ዘገየ፤ የዚያ ዩፒኤስ ባትሪ ሲያልቅ አንደኛው ሰርቨርና ምስክሩ አብረው ጠፉ። በሌላ ዩፒኤስ ላይ የነበረው ሁለተኛው ሰርቨር ግን የፊት መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ፣ የዲስኮቹ ጠቋሚዎች ብልጭ ድርግም እያሉ ቆሟል። የክፍላችን ኃላፊ በሩ ላይ ቆመው «ይኸው በርቶ የለም እንዴ ልጄ? ታዲያ ደብዳቤው ለምን አይገባም?» አሉኝ። ሙሉ ቅጂ የያዘ ሰርቨር አንድ ድምጽ ብቻ ስለቀረው ዝም ማለት እንዳለበት በዚያ ሰዓት ማስረዳት ከባድ ነበር። ሰርቨሩ ያደረገው ትክክል ነበር፤ ያጠፋነው እኛ ነን።

ከዚያ በኋላ ምስክሩን ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ወዳለው ቅርንጫፋችን፣ የራሱ መብራትና ስዊች ወዳለው ቦታ አዛወርነው። ባለፈው ጥር የአንደኛው ሰርቨር ፓወር ሰፕላይ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲቃጠል ዳታቤዞቹ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሁለተኛው ተሻገሩ፤ በዚያን ቀን ስለ ኢሜይል የደወለልን ሠራተኛ የለም።

ዳግ ዳታቤዙን እንጂ የተጠቃሚውን ግንኙነት አያሻግርም፤ አውትሉክ በሕይወት ወዳለው ሰርቨር እንዲሄድ ግንኙነቱን ለሰርቨሮቹ የሚያከፋፍል ሎድ ባላንሰር ለብቻው ያስፈልጋል። ባክአፕንም አይተካም፤ በስህተት የተሰረዘ ደብዳቤ በሎጉ በኩል ከሌላው ቅጂም ይሰረዛልና። ለዚህ ሎጉን እስከ 14 ቀን አዘግይቶ የሚተገብር ቅጂ ማዘጋጀት ይቻላል። እኛም ለዚሁ ሜክሲኮ ላይ ሦስተኛ ሰርቨር ልንጨምር ነው፤ አባላቱ ሦስት ሲሆኑ የምስክሩን ቦታ የሰርቨሩ የራሱ ድምጽ ይይዘዋል።

ኢሜይሉን በራሱ ግቢ ማስተዳደር ላለበት መሥሪያ ቤት፣ መብራቱ የተለየ ሁለተኛ ቦታና ወደ ሌላው ቅጂ ለመተላለፍ የሚጠብቀውን የሎግ ወረፋ በየጊዜው የሚያይ ባለሙያ ካለው፣ ዳግን ያለማመንታት እመክራለሁ። ሁለተኛ ቦታ ለሌለው ትንሽ ቢሮ ግን ወጪውና ድካሙ አይመጣጠንም። አዲስ የሚተክል ሰው ኤክስቼንጅ 2016ን ወይም 2019ን አይምረጥ፤ የሁለቱም ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ ተተኪያቸው ኤክስቼንጅ ሰርቨር ሰብስክሪፕሽን ኤዲሽን ነው። እኛም ወደዚያው ለመሻገር ዝግጅት ላይ ነን፤ እስከዚያው በየሦስት ወሩ አንድ እሑድ ጠዋት የአንዱን ሰርቨር የመብራት ገመድ ነቅለን፣ ዳታቤዞቹ ሲሻገሩ ሰዓት ይዘን እንመለከታለን።