ልጄ የተማረችው ፎረንሲክ፦ የአንዲት እናት ትዝብት

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አቤቱታና ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። ባለጉዳይ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። መፈረም የማይችል ከሆነ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቼ ከጽሑፉ ግርጌ አሳርፍለታለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ያቺን ሰማያዊ አሻራ አንድም ቀን ጠጋ ብዬ አይቻት አላውቅም ነበር። እንድመለከታት ያደረገችኝ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ናት።

ልጄ የምትማረው አምስት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ምስጋናም ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠቅስም። ትምህርት ቤቱ ባለፈው መስከረም ተማሪዎች ከመደበኛው ውጪ መርጠው የሚወስዱት አንድ ትምህርት እንዲኖር ወሰነ። ፈረንሳይኛ፣ የሒሳብ አያያዝ፣ ሥዕልና ፎረንሲክ ሳይንስ፣ ማለትም ለወንጀል ምርመራና ለፍርድ የሚረዳው ሳይንስ፣ ቀረቡ። ልጄ ሳታመነታ የመጨረሻውን መረጠች። ማክሰኞ አንድ፣ ሐሙስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ነበረው፤ ለቁሳቁስ ተብሎ 2,400 ብር ተጨማሪ ከፍያለሁ። መጀመሪያ ተቃውሜ ነበር። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ለማይመጣ ነገር በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ ማጥፋት አልታየኝም። ብዙ ወላጆችም እንደ እኔ ያስባሉ፤ ይህን የምጽፈው በተለይ ለእነርሱ ነው።

የመጀመሪያው ወር ባክኗል። መምህርቷ የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ ጎበዝ መሆኗን በኋላ አይቻለሁ። ነገር ግን የላቦራቶሪው ዕቃ ስላልደረሰ ልጆቹ የውጭ አገር የወንጀል ምርመራ ፊልም እያዩ ሰነበቱ። ልጄ ማታ ማታ፣ ከምንጣፍ ላይ በተነሣች አንዲት ፀጉር ገዳዩ ወዲያው እንዴት እንደታወቀ ትተርክልኝ ነበር። የምርመራ ውጤት በአንድ ሌሊት እንደማይደርስ አውቃለሁና ገንዘቤም ልጄም አሳዘኑኝ።

በኅዳር ብሩሹና ዱቄቱ ሲደርስ ግን ሌላ ትምህርት ሆነ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ከቡናው ምድጃ የወሰደችውን ከሰል በሙቀጫ አድቅቃ በሻሽ ስትነፋ አገኘኋት። ሻይ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ጠርዙን ብቻ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ በለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ጥቁሩን ዱቄት ታዞርበት ጀመር። መጀመሪያ ጥላሸት ብቻ ነበር። ከዚያ መስመሮቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ ከተራራ ላይ ሆነው ሲያዩት ትልም የወጣለት ማሳ ይመስላል። በግልጽ ፕላስተር አንሥታ ነጭ ወረቀት ላይ ለጠፈችውና የቀኝ እጄ አመልካች ጣት መሆኑን ነገረችኝ። ጣቴን ከወረቀቱ ጎን አድርጌ መስመር በመስመር አስተያየሁት። የራሴን እጅ ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር ለካ።

መምህርቷ ሦስቱን ዋና ዋና ዓይነቶች ቀለበት፣ ሽክርክሪትና ቅስት ብላ ሰይማላቸዋለች። ከመቶ 60 እስከ 65 የሚሆነው አሻራ ቀለበት፣ ከ30 እስከ 35 የሚሆነው ሽክርክሪት፣ የተቀረው 5 ገደማ ደግሞ ቅስት ነው። መስመሮቹ የሚሠሩት በእናት ማሕፀን ውስጥ ነው፤ ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ መንታዎች እንኳ አይመሳሰሉም። የእናቴ ተራ ሲደርስ ግን አልሆነም። ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስቱንም ጊዜ የወጣው ድፍን ጥቁር ነበር። እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ ጥጥ ስትፈትል፣ በርበሬ ስትደልዝ የኖረች ሴት ናት። "ጣቴም አረጀ ማለት ነው?" አለች። ልጄ የአያቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ "አላረጀም እማማ፣ ሥራ ነው የጨረሰው" አለቻት። በእኔም ክፍል የገበሬና የአናጺ አሻራ ሁልጊዜ ደብዛዛ ሆኖ ሲወጣ ቀለሙን ነበር የምወቅሰው።

ትምህርቱ ከታሪክ ጋር መያያዙን ወድጄዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1892 በአርጀንቲና አንዲት እናት ሁለት ልጆቿ ተገድለው ሲገኙ ጎረቤቴ ነው ብላ ከሰሰች። ጎረቤቱ ብዙ መከራ አይቶም አላመነም። ሁዋን ቩሴቲች የተባለ የፖሊስ ባልደረባ ያሠለጠነው መርማሪ በሩ ላይ በደም የታተመ አሻራ አገኘ፤ የራሷ የእናትየዋ ሆነ። ይህን ሰምቼ ብዙ ሰዓት ከአእምሮዬ አልወጣም። በየሳምንቱ ጎረቤት በጎረቤት ላይ የሚያቀርበውን ክስ የምጽፍ ሰው ነኝ።

መምህርቷ የተገላቢጦሹንም ማስተማሯ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ላይ የተገኘውን አሻራ የኦሪገን ጠበቃ የሆነው የብራንደን ሜይፊልድ ነው ብሎ ሰውየውን አሰረ። የስፔን ፖሊስ ትክክለኛውን ባለቤት ሲያገኝ ጠበቃው ሁለት ሳምንት ገደማ ታስሮ ነበር። አሻራው አልዋሸም፤ የተሳሳቱት ያነበቡት ባለሙያዎች ናቸው። በሌላ ሐሙስ ልጆቹ ከሥጋ ቤት በመጣ ደም ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ አድርገው አረፋ ሲያወጣ አዩ። ደም መለየት ቻልን ብለው ሲደሰቱ መምህርቷ የተላጠ ድንች አወጣችና ያንኑ ጠብ አደረገችበት። ድንቹም አረፋ ደፈቀ።

ከዓመቱ ሁሉ የምመርጠው ግን የፖስታውን ነገር ነው። በየካቲት በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ የተዘረፈ ክፍል የሚመስል ቦታ ተዘጋጀ፤ የተሰበረ መስታወት፣ የጫማ ዱካ፣ ወንበር ላይ የተንጠለጠለ ቀይ ክር። የልጄ ቡድን ክሩን በመቆንጠጫ አንሥቶ በወረቀት ፖስታ አሸገው። ፖስታው ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ሰጪና ተቀባይ ስማቸውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው መፈረም አለባቸው። ሐሙስ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ክሩ ከአንዱ "ተጠርጣሪ" ሹራብ ጋር ፍጹም አንድ ሆነ። ጨፈሩ። መምህርቷ ግን ፖስታውን ገልብጣ አየችው። ከማክሰኞ ማታ እስከ ሐሙስ ጠዋት በማን እጅ እንደነበረ የሚናገር መስመር የለም፤ ለካ የአንዷ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ነበር። "ይህ ኤግዚቢት አይደለም፤ ክር ነው" ብላ ዜሮ ሰጠቻቸው። ኤግዚቢት ማለት ለፍርድ ቤት የሚቀርብ የዕቃ ማስረጃ ነው።

ልጄ እራት ሳትበላ አልቅሳ ተኛች። እውነቱን እኮ አግኝተነዋል ትላለች። እኔ ግን በዚያች ሌሊት መምህርቷን ወደድኳት። ስንቱ ባለጉዳይ እፊቴ ተቀምጦ "የሰረቀኝ እሱ ነው" ብሎኛል። አይተኸዋል ወይ ስለው "አላየሁም፣ ግን ከእሱ በቀር ማን ይሆናል?" ይላል። ያየውን ከጠረጠረው ለይቶ እንዲነግረኝ ለማድረግ አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። እናቴ ይህን ስናወራ ሰምታ አባቷ የነገሯትን አነሣች። በድሮ ጊዜ በአውጫጭኝ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ድረስ ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር፤ በሌባ ሻይ ደግሞ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ልጄ በማግስቱ የሥራ ደብተሯን በሁለት ዓምድ ከፈለችው፤ በአንዱ ያየሁት፣ በሌላው የገመትኩት የሚል ርእስ ሰጠችው። እስከ ሰኔ ድረስ እንደዚያው ጻፈች።

ከትምህርት ቤቱ በእግር ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ሄደው የሉሲን አጥንት ቅጂ ማየታቸው ለዚሁ ልማድ ጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ2016 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንቶቿን በሲቲ ስካን አይተው፣ ስብራቱ ሉሲ ከዛፍ ወድቃ መሞቷን ያሳያል አሉ። እሷን ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰን ደግሞ እንዲህ ያለው ስብራት ከሞት በኋላም ይመጣል ብሎ ተቃወመ። ልጆቹ የሁለቱንም ወገን ክርክር እንዲጽፉ ታዘዙ እንጂ ፍርድ እንዲሰጡ አልተጠየቁም።

መስቀል አደባባይ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሄዱት ደግሞ በአንድ ቅዳሜ ነው። ከደርግ ውድቀት በኋላ አጥንት መርምሮ የሟቾችን ማንነት የሚለይ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን መጥቶ ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ጋር የጅምላ መቃብሮችን ቆፍሯል። እነዚህ ባለሙያዎች ሥራውን የተማሩት በገዛ አገራቸው በወታደራዊ አገዛዝ ዘመን የጠፉ ሰዎችን ሲፈልጉ ነው። ልጄ ከመስታወቱ ኋላ ያለውን አጥንትና ልብስ አይታ ስትመለስ፣ በ1970 ዓ.ም. ከቤት ተወስዶ ስላልተመለሰው የእናቴ ወንድም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀችን። ቁመቱ ስንት ነበር? የተሰበረ አጥንት ነበረው? ጥርሱስ? እናቴ በልጅነቱ ከበቅሎ ወድቆ ግራ ክንዱ ተሰብሮ እንደነበር አስታወሰች። ልጄ ያየሁት በሚለውም የገመትኩት በሚለውም ዓምድ አላስገባችውም፤ በሌላ ገጽ ጻፈችው።

የሚጎድለውን ልናገር። ለ28 ተማሪ አንድ ማይክሮስኮፕ ነው ያለው። ይህ በከፈልነው ገንዘብ ልክ አይደለም። የዲኤንኤ (በሕዋስ ውስጥ ያለው የዘር መለያ) ትምህርት ሙዝ ጨፍልቆ፣ በሳሙናና በጨው አሽቶ፣ የቀዘቀዘ አልኮል ጨምሮ ነጩን ክር ከማውጣት አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ1984 በሌስተር ዩኒቨርሲቲ አሌክ ጄፍሪስ ያገኘው ሰውን በዲኤንኤ የመለየት ዘዴ በወንጀል ጉዳይ ላይ መጀመሪያ የሠራው ያላደረገውን አደረግሁ ብሎ ያመነን የ17 ዓመት ልጅ ነጻ ማውጣት ነበር፤ ልጆቹ ይህን እንኳ አልሰሙም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ በወደቀው አውሮፕላን የሞቱትን 157 ሰዎች ማንነት ለመለየትም ዲኤንኤ ሥራ ላይ ውሏል። ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ከወዴት ይመጣል?

መጽሐፉ በሙሉ ስለ አሜሪካ ፖሊስና ፍርድ ቤት የሚያወራ ነው። ሪፖርቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። ያገኘችውን ለዳኛ በአማርኛ ማስረዳት የማትችል ባለሙያ ምን ትጠቅማለች? በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ ቀን እንኳ ዐቃቤ ሕግ ወይም የፖሊስ ፎረንሲክ ባለሙያ መጥቶ ያናግራቸው ብዬ ጠይቄ ነበር። ይታሰብበታል ተባልኩ፤ ዓመቱ አለቀ።

ይህም ሆኖ ልጄ በመውሰዷ ደስ ብሎኛል። ዋና ዋና ትምህርቶቿ ላይ ያመጣችውን ውጤት አልጎዳባትም፤ ኬሚስትሪን እንዲያውም አሻሽላለች። ፊልሙን ወድዶ መርማሪ መሆን ለሚመኝ ልጅ ግን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ከሥራው የሚበዛው መጻፍ፣ መለካትና መፈረም ነው። እኔም ከልጄ ተምሬ አሁን የባለጉዳይን ጣት ቀለም ውስጥ አልደፍቅም። በስሱ አስነክቼ፣ ከጥፍሩ አንድ ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ በቀስታ አንከባልለዋለሁ። መስመሩ ይወጣል።

ታናሽ ወንድሟ በመጪው መስከረም 10ኛ ክፍል ይገባል፤ ፎረንሲክ እንደሚመርጥ ከአሁኑ ነግሮኛል። ቅጹን እፈርምለታለሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን ላቦራቶሪው ድረስ ሄጄ ዕቃው መግባቱንና ማይክሮስኮፑ ስንት እንደሆነ በዓይኔ አያለሁ።