የዘንዶ ቅርፊት ከምናለሽ ተራ

ለልጆች መድረክ የተረት ዕቃ የሚሠራ ሰው ዋና ችግሩ በገሃዱ ዓለም የሌሉ ነገሮችን ከገሃዱ ዓለም ገበያ ገዝቶ መሥራት ነው። የዘንዶ ቅርፊት፣ የመተተኛ ሐብል ወይም መሬት ውስጥ ዘመናት የከረመ የሚመስል ዘውድ ተሠርቶ የሚሸጥበት መደርደሪያ የለም። በእኔ ግምገማ ለዚህ ሥራ ከመሀል አዲስ አበባ ገበያዎች ሁሉ የሚበልጠው መርካቶ ውስጥ የሚገኘው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ምናለሽ ተራ ነው፤ ምክንያቴንም አሁን በእጄ ካለው ሥራ ተነሥቼ አስረዳለሁ።

እየሠራሁ ያለሁት አርዌን ነው። አርዌ በአፈ ታሪካችን ከአክሱም ነገሥታት በፊት ሕዝቡን እያስጨነቀ ግብር ይቀበል የነበረ፣ በነገሥታት ዝርዝር 400 ዓመት እንደ ነገሠ የተጻፈለት፣ በመጨረሻም በአንጋቦ እጅ የሞተ ዘንዶ ነው። በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መሸጫዎች በ44 ክፍል ተሥሎ የሚሸጠው የንግሥተ ሳባ ታሪክም የሚጀምረው ከእርሱ ነው። እነዚያን ሥዕሎች ቀረብ ብሎ መመልከት ለቅርጹና ለቀለሙ እጅግ ይረዳል። ይሁን እንጂ የመድረክ ዘንዶ መታየት ብቻ ሳይሆን መሰማትም አለበት፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ መሬት ለመሬት ሲጎተት የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሕፃን ድምፁን ሰምቶ ወደ እናቱ ጠጋ ማለት አለበት። ከውጭ የሚገቡት፣ በከረጢት ታሽገው የሚሸጡት የእጅ ሥራ ዕቃዎች ይህን ድምፅ አይሰጡም። ብልጭልጩ ዱቄት ከሁለተኛው ልምምድ በፊት ረግፎ ያልቃል፣ ቀለም የተነከረው ላባም ላብ ሲነካው ልብስ ያበላሻል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን ከእነርሱ የሚሠራው ፍጡር ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ያለው መሆኑ ነው።

ምናለሽ ተራ የሚገባው ዕቃ ግን ቆራሌዎች ከየሰፈሩ ለቅመው የሚያመጡት ስለሆነ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። የዘይት ጣሳ፣ በርሜል፣ የመኪና ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ የተቃጠለ ሞተር፣ እጀታው የወለቀ ማንቆርቆሪያ፣ ሁሉም በየመደቡ ተከምሮ እንደገና ምድጃ፣ ኩባያ ወይም በረባሶ ለመሆን ተራውን ይጠብቃል። ያረጀ ነገር ያረጀበት ምልክት በላዩ አለ፤ ለተረት ዕቃ የሚፈለገውም ይኸው በቀለም ሊመሰል የማይችል የዕድሜ መልክ ነው።

የአርዌን ጀርባ የሸፈንሁት በቆርኪ ነው። ቆርኪ ዙሪያውን 21 ጥርሶች አሉት፤ በመዶሻ ጠፍጥፈው ሲዘረጉት ጥርሶቹ እንደ ፀሐይ ጮራ ወደ ውጭ ይከፈታሉ። ከመጠፍጠፉ በፊት በውስጡ የተለጠፈውን ስስ ላስቲክ በቢላ ጫፍ ማውጣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ብረቱ ሳይስተካከል ይቀርና ይጨማደዳል። ከዚያም በምስማር ተበስቶ በጨርቁ ላይ ይሰፋል። ስፌቱ ከጅራት ተጀምሮ ወደ ራስ መውጣት አለበት፤ እንዲህ ሲሆን የላይኛው ረድፍ የታችኛውን ቀዳዳና ክር ይሸፍናል፣ ዘንዶው ሲተጣጠፍም ቅርፊቶቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ ሌላ ምንም መሣሪያ የማይሰጠውን ደረቅ ሿሿታ ያሰማሉ። ይህን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት የተሰማኝ ደስታ እስካሁን አልበረደም።

ለአንገቱ ትልልቅ ቅርፊቶች የቆረጥሁት ከዘይት ጣሳ ነው። ጣሳው በስሱ ቆርቆሮ የተለበጠ ብረት ስለሆነ በመቀስ የተቆረጠበት ጠርዝ ልባጩን አጥቶ በቶሎ ይዝጋል። ዝገቱ ለዘንዶ የሚያምር መልክ ነው፤ የሚፈለገው ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን በቫርኒሽ መግታት ይገባል፣ ጠርዙም የልጅ እጅ እንዳይቆርጥ አስቀድሞ በሞረድ መለስለስ አለበት። ለሆዱ ከመነዳሪ ተጠቅሜአለሁ፤ በሳሙና በደንብ ከታጠበ በኋላ እርጥብ ቆዳ የሚመስል ጥቁረት አለው።

ከገበያው ሁሉ የምወደው የመዳብ ሽቦ ነው። ከተፈታ ሞተር የሚወጣው ሽቦ በስስ ቫርኒሽ የተሸፈነ ስለሆነ አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አለበት። የተፋቀውን ሽቦ በጨው አሽቶ፣ አቼቶ ካለበት ዕቃ በላይ ሳይነካው አንጠልጥሎ መክደን ነው፤ ቀስ በቀስ አረንጓዴና ሰማያዊ ዝገት ያወጣል። የአርዌን መርዝ የያዘውን ብልቃጥ የጠመጠምሁት በዚህ ሽቦ ነው። ይህ አረንጓዴ ዝገት በእርግጥም መርዛማ ስለሆነ ወደ አፍ በሚቀርብ ዕቃ ላይ ፈጽሞ መዋል የለበትም፤ ልጆች በሚነኩት ላይም በቫርኒሽ መታተም ይኖርበታል።

ስለ አገልግሎቱ ሲነሣ፣ ሻጮቹ ራሳቸው ቀጥቃጮችና ቆራጮች በመሆናቸው ዕቃውን ያውቁታል። አንድ ሰማያዊ በርሜል ሳገላብጥ ባለመደቡ፣ «እህቴ፣ እሱ የኬሚካል ነበር፤ ለልጅ ዕቃ አይሆንሽም፣ ያንን የዘይቱን ውሰጂ» ብሎ ርካሹን አሳየኝ። ጥቂት ከተጨመረለትም በሚፈለገው ልክ እዚያው ቆርጦ ይሰጣል። ሻጩ ባይናገርም እንኳ የፀረ ተባይ ሽታ ያለውን ጄሪካንና አሮጌ የመኪና ባትሪን ማንም ለዚህ ሥራ መግዛት የለበትም።

ጉድለቱም መነገር አለበት። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ የመዶሻው ድምፅ ከቀትር በኋላ ራስ ያሳምማል፤ ዋጋ የተለጠፈበት ዕቃ ስለሌለ መከራከር የማይወድ ሰው ከሚገባው በላይ ይከፍላል። ብረታ ብረት በኪሎ፣ ጣሳና ከመነዳሪ በቁጥር ስለሚሸጡ ከመነሳት በፊት የሚፈለገውን መጠን መለካት ብዙ ያድናል። ጨርቅና ጥለት እዚህ መፈለግ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ ለእርሱ እዚያው መርካቶ ውስጥ ሸማ ተራ አለ።

መንገዱ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ምዕራብ በእግር የሚደረስ ነው። ወፍራም ጓንት፣ ጠንካራ ጆንያና ዝርዝር ብር ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ ያማረ የመዳብ ጥቅል ከታየም ለሌላ ቀን ሳያሳድሩ መግዛት ይሻላል፣ መዳብ ፈላጊው ብዙ ነውና በማግስቱ አይገኝም።