ሌኖቮ ኤም720ኪው እንደ ቤት ሰርቨር፣ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ሰው ስለ ቤት ሰርቨር (ቤት ተቀምጦ ፎቶና ፊልም ለቤተሰቡ የሚያቀርብ ኮምፒውተር) ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው ሲፒዩውን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሰፈራችሁ መብራት በሳምንት ስንቴ ይጠፋል ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ 24 ሰዓት የሚሰራ ማሽን ለሚፈልግ ሰው ዋናው ጣጣ እሱ ነው።

የኔዋ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም720ኪው ናት፣ ቢሮ ውስጥ ከሞኒተር ጀርባ የሚሰቅሏት ትንሿ ዴስክቶፕ፣ የ2018 ሞዴል፣ ያገለገለች ነው የገዛሁት። ሲፒዩዋ ኮር አይ5 8500ቲ፣ 6 ኮር፣ 35 ዋት። ራሙን 16 ጊጋ አድርጌዋለሁ። አንድ የኤንቪኤምኢ (ቦርዱ ላይ የሚሰካ ፈጣን ትንሽ ዲስክ) ቦታና አንድ የ2.5 ኢንች ዲስክ ቦታ ብቻ ነው ያላት፣ ስለዚህ አራት አምስት ሃርድ ዲስክ ልደርድር ለሚል ሰው አትሆንም። ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ሳምንት ሳይሞላው ይቀየራል።

ራዝበሪ ፓይ (የኪስ ካርድ የምታክለው ኮምፒውተር) ለምን አልሆነም ላላችሁኝ፣ እዚህ ቻርጀሩን ኬዙን ሚሞሪ ካርዱን ስትደምሩት ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ዋጋ ጋር ይጠጋል፣ ዲስኩም ብዙ ጊዜ በዩኤስቢ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ትልቁን ታወር ዴስክቶፕ ደግሞ በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም፣ ምክንያቱ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን) ነው። ስራ ፈታ ስትቀመጥ ይቺ ማሽን 10 ዋት አካባቢ ነው የምትወስደው። ተራው 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጥ ያለችው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ናት፣ ዩፒኤሱ ራሱ የሚበላውን ቀንሱና ሰርቨሩንም ራውተሩንም ይዛ ከአንድ ሰዓት በላይ ትቆያለች። ያው ዩፒኤስ ታወር ላይ ቢሆን ሻይ ሳይፈላ ያልቃል።

ግን አንድ ነገር አለ ማንም ቀድሞ የማይነግራችሁ። ባዮስ (ማሽኗ ስትነሳ መጀመሪያ የሚመጣው የመሰረት ሰቲንግ) ውስጥ መብራት ከጠፋ በኋላ ምን ላድርግ የሚል ሰቲንግ አለ፣ "ፓወር ኦን" ታደርጉታላችሁ፣ ማሽኗ መብራት ሲመጣ ራሷ ትነሳለች። ከዛ ኤንዩቲ የሚባለውን ሶፍትዌር ትጭኑና ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ታገናኙታላችሁ፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በስርዓቱ ያጠፋዋል። እስቲ አሁን አስቡት፣ ኤንዩቲ ማሽኑን አጠፋ፣ ዩፒኤሱ ውስጥ ግን ትንሽ ቻርጅ ቀርቷል፣ በዛች መሃል መብራት መጣ። ማሽኗ በኩል ሲታይ መብራት ጠፍቶም አያውቅም! ስለዚህ አትነሳም፣ ከቢሮ ሆናችሁ ብትጠሩት ብትጠሩት ወፍ የለም። ኤንዩቲ ለዚህ መላ አለው፣ ሲያጠፋ ዩፒኤሱንም መውጫውን ቁረጥ ብሎ ያዘዋል፣ ርካሽ ዩፒኤሶች ግን ሁሉም አይታዘዙም፣ የኔውም አይሰማም። እኔ ራውተሩ ላይ ዌክ ኦን ላን (የጠፋ ማሽን በኔትወርክ የሚያስነሳ ምልክት) የሚልክ ትንሽ ስክሪፕት አስቀመጥኩና ተገላገልኩ፣ ራውተሩ ሰርቨሩን ፒንግ ያደርጋል (አለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል)፣ ካልመለሰለት ይቀሰቅሰዋል።

ሶፍትዌሩ ደቢያን 12 የሚባለው ሊኑክስ ነው፣ ላዩ ላይ ፕሮግራሞቹን ለየብቻ የሚያስሮጥልኝ ዶከር፣ አለቀ። ፕሮክስሞክስ ጥሩ ነገር ነው፣ ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሰራ) ለሚያበዛ ሰው እሱን እላለሁ፣ ለፎቶና ለፊልም ግን አንድ ተጨማሪ የሚጠገን ነገር ነው የሚሆነው። የዲስኩም የፋይል አደራደር ዜድኤፍኤስ ምናምን ሳይሆን ተራው ኢኤክስቲ4 ነው፣ ማታ ማታ ወደ ውጪ ዲስክ ባክአፕ ይሄዳል።

ቤተሰቡ በጣም የወደደው ኢሚች የሚባለው የፎቶ ማስቀመጫ ነው፣ የስልክ ፎቶ ሁሉ ራሱ ይገባል። መጀመሪያ የቆየውን ፎቶ ሁሉ ስጭንበት ፊት እየለየ ፋኗ ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህ ነው ያደረችው፣ ከዛ በኋላ ድምጿም የለም። ፍለጋው ላይ ግን ሲመጣ የተጫነው ሞዴል (ጽሁፍን ከፎቶ የሚያዛምደው ኤአይ) እንግሊዝኛ ነው የሚያውቀው፣ እናቴ "የጥምቀት ቀን" ብላ ስትጽፍ የማይገናኝ ነገር ነበር የሚያወጣው። ሰቲንግ ውስጥ ገብቼ ኤንኤልኤልቢ ክሊፕ ወደሚባለው ብዙ ቋንቋ ወደሚችለው ሞዴል ቀየርኩት፣ ራም በላብኝ፣ ግን ነጭ የለበሱ ሰዎች ማምጣት ጀመረ፣ ለኛ በቂ ነው።

ጄሊፊን (ፊልም የሚያሳየን ሶፍትዌር) ላይም ተመሳሳይ ነገር ነበር፣ የአማርኛ ሰብታይትል ካሬ ካሬ ሆኖ ነበር የሚመጣው፣ ፕሌይባክ ሰቲንግ ውስጥ ፎልባክ ፎንት (ፊደል ሲጎድል የሚተካ ፎንት) አብርታችሁ የኢትዮጵያ ፊደል ያለበት ፎልደር ስታሳዩት ይስተካከላል፣ እኔ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ነው የሰጠሁት። ቪዲዮውን ለሚያየው መሳሪያ እንዲመች መቀየሩን ቺፑ ላይ ያለው ክዊክ ሲንክ የሚባለው የኢንቴል የቪዲዮ ክፍል ስለሚሰራው ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲ የሚባለው የቪዲዮ አይነትም ቢሆን ሲፒዩው አይጨናነቅም። ኤቪ1 የሚባለውን ሌላ የቪዲዮ አይነት ግን ይሄ ትውልድ ቺፕ በሃርድዌር አይፈታም፣ እንደዛ አይነት ፋይል ካበዛችሁ 11ኛ ትውልድና ከዛ በላይ ፈልጉ።

ከውጪ ለመግባት ቴይልስኬል፣ መሳሪያዎችን በኢንተርኔት በግል መስመር የሚያገናኝ። የቤቴ ኢንተርኔት የራሱ ፐብሊክ አይፒ (ከውጪ የሚታይ አድራሻ) የለውም፣ ከብዙ ሰው ጋር ነው የምንጋራው፣ ፖርት (ከውጪ መግቢያ በር) ልክፈት ብትሉ አይሰራም። እህቴ ዲሲ ሆና በዚሁ ነው ፎቶ የምታየው፣ ቪዲዮ ስትከፍት ግን የኔ አፕሎድ ፍጥነት ያንቀዋል፣ እሱን ሰርቨር አያስተካክለውም።

ልትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ ዲስክ አብሮ ካለ ስማርት ዳታውን (ዲስኩ ስለራሱ የሚመዘግበውን) አስከፍቱና ስንት ሰዓት እንደሰራ አንብቡ፣ ከኔዋ ጋር የመጣው አመታት ሲሽከረከር የኖረ ነበር፣ ወዲያው ነው ያወጣሁት። ሁለተኛ ባዮሱ ውስጥ አስገቡን በሏቸው፣ ከድርጅት የወጡ ማሽኖች ላይ አንዳንዴ የድሮው ፓስወርድ ሳይነሳ ይቀራል፣ ባዮስ ካልገባችሁ ያንን መብራት ሲመጣ ተነሺ የሚለውን ሰቲንግ መንካት አትችሉም፣ እንደዛ ከሆነ ዋጋ ቢቀንሱላችሁም ተዉት።