ጉባኤው ከፈተና በፊት ወይስ በእረፍት?

አዲስ አበባ ዳር ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ ዩኒቨርሲቲ የሁለት ቀን ጉባኤ ለመጥራት፣ ፈተና ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀር ተማሪ ስላለ አስተናጋጅ አይቸግርም፤ ካፌውም ይሠራል። አዳራሹን ግን መምህራን ለማካካሻ ትምህርት ይሻሙታል። በደብዳቤ የተያዘ አዳራሽ ጠዋት ሲከፈት ተማሪ ተቀምጦበት ይገኛል።

በሴሚስተር እረፍት አዳራሹም ዶርሙም ባዶ ነው፤ ከክልል የመጣ እንግዳ እዚያው ያድራል (ፍራሽና ብርድ ልብስ አስቀድሞ ይቆጠር)። ሰርቪስ ግን አይኖርም። እንግዳው ከቃሊቲ ታክሲ ሲጋፋ የ2፡30ው መክፈቻ 3፡30 ይሆናል፤ ሁለት ሚኒባስ መከራየት ግድ ነው። ምሳም ከውጭ ይታዘዛል።

እረፍቱ ይሻላል፤ የፈተናው ማግስት ግን አይሆንም። መምህሩ ወረቀት እያረመ ውጤት ማስገቢያው ቀን ስለሚደርስበት ጽሑፍ አቅራቢው ራሱ ይቀራል። አንድ ሳምንት ይለፍ። ጥር 10 እና 11ም አይነኩ፤ ከተራና ጥምቀት ነው፣ መንገድ ይዘጋል።