“ይገባል” ብሎ መዶሻ ካነሳ እጁን ያዙት

ኮርስ ሳይክል የምትነዱ፣ በተለይ አሮጌ ፍሬም ያላችሁ ሰዎች፣ ይቺን አንብቡ። የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ቃል ካመለጠኝ ይቅርታ።

ለገጣፎ መስመር ላይ ያለ አንድ የሳይክል መለዋወጫ ቤት ትናንት 9 ሺህ ብሬን በልቶ ሸኘኝ። ስሙን አልጽፍም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ የልጆች ሳይክል ተደርድሯል፣ ውስጡ የሳልቫጅ ክምር ነው፣ ግድግዳው ላይ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” ተለጥፏል። በስልክ ስትጠይቁ ሁሉም ነገር “አለ”። ስትደርሱ “መጋዘን ነው፣ ብሩን ላክና ልጁ ያምጣው”። ደረሰኝ ስትሉ ደግሞ “በደረሰኝ ከሆነ ቫት ይጨመራል”።

የኔ ሳይክል በፈረንጆቹ 90ዎቹ የተሠራ የብረት ኮርስ ነው። ከኋላ 8 ማርሽ፣ ከፊት ባለ 53 እና ባለ 39 ጥርስ ሁለት ዲስኮች (ዲስኩን ራሱንም “ጥርስ” ነው የምንለው)። የግራው የፔዳል ክንድ ፔርኖው ላይ (ሁለቱን ክንዶች የሚያገናኘው ዘንግ ላይ) የሚሰካበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ተበላ። ክንዱ አሉሚኒየም ነው። አንዴ ጠርዙ ከሟሸሸ ብሎኑን እንዳሻችሁ ብታጠብቁት ዳገት ላይ መልሶ ይላላል። ቀኙም ቢሆን ዕድሜውን ጨርሷል፣ ጥርሶቹ ሹል ሆነዋል። ስለዚህ ክራንኩን ሙሉውን፣ ማለትም ሁለቱን ክንዶች ከነፊት ጥርሶቹ፣ ለመቀየር ወሰንኩ።

የምፈልገውን በደንብ አውቃለሁ። ፔርኖዬ ጫፉ አራት ማዕዘን ነው፤ ላዩ ላይ 68-110 ይላል። 68 ፔርኖው የሚገባበት የፍሬሙ ቱቦ ከግራ እስከ ቀኝ ያለው ስፋት ነው፣ 110 የፔርኖው ርዝመት፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። የፊት ጥርሶቹን የሚይዙት አምስት ብሎኖች 130 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ነው የተቀመጡት። ይሄን ለማወቅ ክቡን መለካት አያስፈልግም። ከአንዱ ብሎን መሃል እስከ ጎረቤቱ ብሎን መሃል ለኩ። 76.4 ከሆነ 130 ነው። 64.7 ከሆነ 110 ነው። የጣሊያኑ አምራች የካምፓኞሎ 135 ደግሞ 79.4 ይሰጣችኋል። በዓይን 130ን ከ135 መለየት ይከብዳል፤ ካሊፐር (በሚሊ ሜትር የሚለካው መሣሪያ) ግን አይሸወድም። ይሄን ሁሉ ለሱቁ ባለቤት በስልክ ነገርኩት። ፎቶ ላከልኝ። ንጹህ፣ ባለሁለት ጥርስ፣ የጃፓኑ የሺማኖ ኮርስ ክራንክ። “ራሱ ነው፣ አንድ ብቻ ነው የቀረው” አለኝ።

ሳይክሌን ባጃጅ ላይ ጭኜ፣ አሮጌውን ክራንክ ለናሙና፣ ካሊፐሬን በኪሴ ይዤ ሄድኩ። ብሩን በስልክ ላኩለት። ልጁ ጥቁር ፌስታል ይዞ መጣ።

ከፌስታሉ ሲወጣ ገና ሌላ ዕቃ መሆኑ ያስታውቃል። ጥርሶቹ 48 እና 38። ክንዱ ላይ ርዝመቱ 175 ይላል፣ የኔ 170 ነው። ጀርባው ላይ አምስት ባዶ የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። ባለሦስት ጥርስ የማውንቴን (የተራራ ሳይክል) ክራንክ ነው። ትንሿን ጥርስ ፈትተው ባለሁለት አስመስለውታል። ካሊፐሩን አውጥቼ ለካሁ። 64.7 አካባቢ።

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ በፎቶ የላኩልኝ አይደለም። 110 ነው፣ ያውም የባለሦስት ጥርስ” አልኳቸው። (ፊት ለፊት አንቱ ብያቸዋለሁ። እዚህ ግን አንቱታው ይቅርብኝ።)

ከአንድ ደንበኛው ጋር ቡና እየጠጣ ነበር። እኔን ሳይሆን ካሊፐሩን አየና ወደ ደንበኛው ዞረ።

“ኢንጂነር መጥቶልናል” አለ። ተሳሳቁ። “የሳይክል ዕቃ በሚሊ ሜትር ሲገዛ ያየሁት አንተን ነው።”

“ጋሼ፣ ልኩ ካልሆነ እኮ አይሠራም።”

“ይገባል! ስንቱን ገጥመናል። አንተ፣ ግጠምለት!”

ልጁ የቀኙን ክንድ ፔርኖው ላይ ሰክቶ መዶሻ አነሳ። “ቆይ! ቆይ!” እያልኩት ነው። ኳ! ኳ! የጎማ መዶሻ እንዳይመስላችሁ። የብረት መዶሻ፣ አሉሚኒየም ላይ። ከዚያ ብሎኑን በረጅም ቁልፍ ድርቅ አድርጎ አሰረው። ትከሻውን ያዝኩት። ልጁ ቆም ብሎ አለቃውን አየ። አለቃው ስኒውን ከአፉ ሳያነሳ በአገጩ “ቀጥል” አለው። ክራንኩን ሲያዞረው 38ቱ ጥርስ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ቱቦ ይፍቀው ጀመር። የፍሬሜ ቀለም እየተላጠ ሲረግፍ አየሁ።

ይሄ ሊሆን ግድ ነበር። ባለሦስት ጥርስ ክራንክ የሚሠራው ረዘም ያለ ፔርኖ ላይ እንዲቀመጥ ነው፤ 122.5 የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። እንደኔ 110 ርዝመት ያለው ፔርኖ ላይ ሲሰካ ወደ ውስጥ ይገባና ፍሬሙን ይነካል። ረጅም ፔርኖ ቢገባለትስ? ፍሬሙን ይለቃል፣ ግን የፊት ጥርሶቹ ወደ ውጭ ይሸሻሉ። የባለሁለት ጥርስ ኮርስ ካቴና መሄድ ያለበት ከፍሬሙ መሃል 43.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በራቀ ቁጥር ካቴናው ተጣሞ ይሄዳል፣ የፊት ማርሽ መቀየሪያውም መድረስ ያቅተዋል።

የብሎኖቹ ክብ 110 መሆኑ በራሱ ጥፋት የለበትም፣ እንዳትሳሳቱብኝ። ለኮርስ ተብሎ የተሠራ ባለሁለት ጥርስ 110 ቢሆን ኖሮ ደስ እያለኝ እወስደው ነበር። እሱ ባለ 34 ጥርስ ዲስክ ይቀበላል፤ 130 ግን ከ38 በታች አይወርድም። የፊት ጥርሱ ባነሰ ቁጥር ዳገት ይቀላል። በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ የወጣ ሰው ልዩነቱን በጉልበቱ ያውቀዋል።

“አውጡልኝና ብሬን መልሱልኝ” አልኩ።

ልጁ የክራንክ መንቀያ የለውም። ሳይክል እንጠግናለን የሚል ቤት፣ መንቀያ የለውም! እኔ እንኳ ቤቴ አለኝ። ከጀርባው ብረት ደግፎ በመዶሻ እየደበደበ አወጣው። ሰውየው ያን ጊዜ ነው ስኒውን አስቀምጦ የተነሳው። ክራንኩን ተቀበለና ወደ በሩ ብርሃን ይዞ አገላበጠው፤ ወርቅ የሚመዝን ይመስላል።

“ይሄማ አሁን ያገለገለ ዕቃ ነው” አለኝ። “የመዶሻ ምልክት አለበት፣ እየው። ይሄን ተቀብዬ ለማን ልሸጠው?”

ልጁ የራሱ፣ መዶሻው የራሱ፣ ትዕዛዙ የራሱ። ምልክቱ ግን የኔ ሆነ! መዶሻው ለምን እንደዚያ ተቻኩሎ እንደተነሳ የገባኝ ያኔ ነው። ዕቃው አንዴ ከተደበደበ በኋላ የሚመለስበት መንገድ የለም።

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየሁት። “እሱ ተሽጧል” አለ። በቃ። ዓይኑን እንኳ አላሸም። ይባስ ብሎ መፍትሔ አመጣልኝ፤ “ረጅም ፔርኖ አለ፣ 3 ሺህ ጨምርና እናስገባልህ።” ልጁም ቁልፉን ይዞ የፍሬሜን የቀኝ ጎን ወደ ግራ እያዞረ ሊፈታ ተጠጋ። እንደኔ ዓይነት ፍሬም በቀኝ በኩል የሚፈታው በተቃራኒው ነው፣ ወደ ቀኝ። በሱ አያያዝ ፍሬሜንም አብረው ይጨርሱት ነበር። ሳይክሌን ነጥቄ፣ የሸጠልኝን ክራንክ ብብቴ ሥር ይዤ ወጣሁ።

በሩን ስሻገር “ኢንጂነር! ሚሊ ሜትርህን ረሳህ!” የሚል ሰማሁ። ኪሴን ዳበስኩ። ካሊፐሩ አለ። ከኋላዬ ይስቃሉ።

አንድ ጓደኛዬ “ክሰሰው፣ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 አለ” ይለኛል። አውቃለሁ፣ አለ። እኔ ግን ደረሰኝ የለኝም። ያለኝ ወደ አንድ ሰው የግል ስልክ ብር መላኬን የሚያሳይ መልእክትና የሌላ ክራንክ ፎቶ ነው። ቢሆንም ሁለቱንም ይዤ ንግድ ቢሮ መሄዴ አይቀርም። የከተማው አስተዳደር በየኮሪደሩ የሳይክል መንገድ እየሠራ፣ መለዋወጫው እንደዚህ ዓይነት ሰው እጅ ላይ መውደቁ ያናድዳል።

እናንተ ዕቃውን በእጃችሁ ይዛችሁ ሳትለኩ ብር አትላኩ። ስትለኩ ሳይክላችሁ ውጭ ይቁም፣ ልጁ እጅ አይግባ። ደግሞ አራት ማዕዘን ሁሉ አንድ አይደለም። የካምፓኞሎ ፔርኖ ጫፍ ከሺማኖው ቀጠን ይላል፣ አታቀላቅሉ።

ክራንኩ እኔ ጋ ነው። 48 እና 38 ጥርስ፣ የብሎኖቹ ክብ 110፣ ክንዱ 175። ረጅም ፔርኖ ያለው ማውንቴን ያለው ሰው ከፈለገ በግማሽ ዋጋ እሰጠዋለሁ። ትንሿ ጥርስ የለችም፣ የቀኙ ክንድ ጀርባ ላይ የመዶሻ ምልክት አለበት። መጥቶ ለክቶ ይውሰድ፣ ካሊፐር እኔ ጋ አለ።