ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 4፦ የሚያሳስበው ቀለሙ ሳይሆን ክብደቱ ነው

ተጫዋቹ ከተማ እየገነባ ሠራዊት የሚያዝበት ጌም፣ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 4፣ ለኮምፒውተር ተጫዋቾች የቀረበው ጥቅምት 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ግን ጌሙ ከመውጣቱ በፊት፣ የመውጫው ቀን ከታወቀ ከወራት በኋላ ነው። የተከታታዩ ሦስተኛ ክፍል የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን ላይ ያተኮረውና እዚህ አዳማ ባሉ ጌም ቤቶች እስከ ዛሬ የሚከፈተው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1999 ሥራ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን አዲሱን ክፍል የምንጠብቀው ከልጅነታችን ጋር በተሳሰረ ስሜት ነው። ይህ ግምገማ የሚመለከተው የጌሙን መልክ ብቻ ነው። መሠረቱም ለሕዝብ የቀረቡት ቪዲዮዎች፣ ማለትም ኅዳር 2012 ዓ.ም. ለንደን ላይ የታየው የመጀመሪያው የጨዋታ ምስል፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2013 ዓ.ም. የተላለፈው ረዘም ያለ ዝግጅት፣ እንዲሁም ሰኔ 6 ቀን የመውጫው ቀን ሲነገር የታየው ትሬይለር ናቸው። ስለ ጨዋታው ሚዛንና ስለ ኢንተርኔት ግጥሚያው መፍረድ የሚቻለው ጌሙ እጅ ሲገባ ነው፤ መልኩ ግን ከወዲሁ በግልጽ ይታያል፤ እንዲስተካከል መጠየቅ የሚገባውም አሁን ነው።

ከመጀመሪያው ቪዲዮ ጀምሮ በተጫዋቾች ዘንድ የሚሰማው ዋና ቅሬታ ጌሙ የልጆች ካርቱን ይመስላል የሚል ነው። ሳሩ ከልክ በላይ አረንጓዴ፣ የወታደሩ ልብስ ከልክ በላይ ቀይና ሰማያዊ፣ ሰይፉና ጦሩም ከተሸካሚው ሰውነት አንጻር ከልክ በላይ ትልቅ ነው ይባላል። ፍራንኮ አካባቢ ባለ ጌም ቤት ከሚሰበሰቡ ወጣቶችም ሆነ ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ስንወያይ ይኸው ቃል ይደጋገማል። ቅሬታው የጎደለ ነገር መኖሩን በትክክል እንደተረዳ አምናለሁ፤ ምክንያቱን በቀለም ላይ ማሳበቡን ግን አልቀበልም። በእኔ እይታ ጌሙን የሚጎዳው ድምቀቱ ሳይሆን፣ በውስጡ ያሉት ነገሮች ክብደት የሌላቸውና ዕድሜ ያልነካቸው መስለው መታየታቸው ነው።

መካከለኛው ዘመን ግራጫና ቡናማ ነበር የሚለው አስተሳሰብ ከፊልም የወረስነው እንጂ ከዘመኑ የተገኘ አይደለም። የለንደኑ ነጭ ግንብ ነጭ የሆነው ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ እ.ኤ.አ. በ1240 በኖራ እንዲቀባ በማዘዙ ነው። በአውሮፓ ካቴድራሎች በሮች ላይ ቆመው ዛሬ ባዶ ድንጋይ ሆነው የምናያቸው ሐውልቶችም ብዙዎቹ በዘመናቸው ቀለም የተቀቡ ነበሩ። ወደ አገራችን ብንመለስ፣ በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁትና በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተዘጋጁ የተገመቱት ወንጌሎች፣ ሥዕሎቻቸው ይህን ሁሉ ዘመን ተሻግረው ዛሬም ደማቅ ናቸው። የጌሙ ሠሪ ሬሊክ ኢንተርቴይንመንት በወርቅና በደማቅ ቀለም ከተጌጡት የዘመኑ የብራና መጻሕፍት መነሻ መውሰዱ ስለዚህ የሚመሰገን ምርጫ ነው። ቀይና ሰማያዊ የለበሰ ሠራዊት በአረንጓዴ ሜዳ ላይ መሰለፉ የታሪክ ስህተት አይደለም።

መጠንን በተመለከተም፣ ሁለተኛው ክፍል ትክክለኛ ልኬት የነበረው ይመስል መከራከር አግባብ አይመስለኝም። በዚያ ጌም የሚገነባው ሰው ከሚገነባው ቤት አንጻር እጅግ ትልቅ ነበር፤ ከአንድ ትንሽ የጦር ሰፈር ደግሞ ሕንፃው በፍጹም ሊይዘው የማይችል ሠራዊት ይወጣ ነበር። ሁሉም ነገር በአንድ ሕግ ስለተጋነነ ግን ዐይናችን ለምዶት ተቀበለው። የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ቅዱሱ ከአጠገቡ ካሉት ሰዎች ገዝፎ ይሣላል፣ ጻድቃን ሙሉ ፊታቸውና ሁለቱም ዐይኖቻቸው ሲታዩ ክፉዎች በጎን ይሣላሉ። ግነቱ ትርጉም ስላለውና ደንቡም ከዳር እስከ ዳር ስለሚጠበቅ ተመልካቹ ያነበዋል እንጂ አይጠራጠረውም። ሬሊክም ጦሩን ያተለቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ጦር የያዘ እግረኛ ፈረሰኛን፣ ፈረሰኛ ቀስተኛን፣ ቀስተኛ ደግሞ ጦር የያዘውን እግረኛ በሚያሸንፍበት ጨዋታ፣ ከከፍታ ላይ ሆኖ የሚመለከት ተጫዋች ማን ማን እንደሆነ በቅጽበት መለየት አለበት። በአዳማ ቀትር፣ በሩ ተከፍቶ ብርሃን በሚገባበት ክፍል፣ ቀለሙ በደበዘዘ አሮጌ ሞኒተር ላይ ለሚጫወት ሰው ይህ ግልጽነት ቅንጦት አይደለም። ስለዚህ ትልቁን ጦር ያለ ቅሬታ እቀበላለሁ።

ፍላጻው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የእንግሊዝ ረጅም ቀስት ፍላጻ አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላ ቀጭን እንጨት ነበር፤ በቪዲዮዎቹ ላይ የሚታየው ግን ከተኳሹ ቁመት ጋር የሚወዳደር፣ ከኋላው የብርሃን መስመር የሚጎትት ወፍራም ነገር ነው። ቀስተኞች በብዛት ሲተኩሱ ስክሪኑ በእነዚህ መስመሮች ይሞላና ከሥር ያለው ውጊያ ይሸፈናል፤ ለግልጽነት ተብሎ የተጋነነው ነገር ራሱ ግልጽነትን ያጠፋል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ዒላማው ሲንቀሳቀስ ፍላጻው አብሮ ሲታጠፍ የሚታይባቸው ቦታዎች አሉ። በሁለተኛው ክፍል ፍላጻ ይስት ነበር፤ ብልህ ተጫዋች ፈረሰኛውን ወደ ጎን በማሸሽ ያመልጠው ነበር። እንጨት በአየር ላይ አቅጣጫ ሲቀይር ያየ ዐይን ግን ከዚያ በኋላ በሜዳው ላይ ያለ ማንኛውንም ነገር እንደ እውነተኛ ነገር ለመቀበል ይቸገራል። የጦሩ ግነት ማን እንደያዘው ይነግረናል፤ የፍላጻው ግነት የሚነግረን ነገር የለም። መጠኑን በግማሽ መቀነስና የብርሃኑን መስመር ማደብዘዝ የጨዋታውን ሚዛን ሳይነካ ሊደረግ የሚችል እርማት ስለሆነ፣ አንድ ለውጥ ብቻ ጠይቅ ብባል የምጠይቀው ይህን ነው።

ወደ ዋናው ሥጋቴ ልምጣ። የፈረንሳይ ፈረሰኞች ጦራቸውን ዝቅ አድርገው ሲጋልቡ፣ የዴሊ ሱልጣኔት ዝሆኖች ወደ ቅጥር ሲጠጉ፣ መሬቱ ምንም የተሰማው አይመስልም። ከእግራቸው ሥር የሚነሳው አቧራ እጅግ ጥቂት ነው፤ ጥላቸው ስስ ነው፤ ሣሩም ከውጊያው በፊትና በኋላ ያው ነው። በአዋሽ ሸለቆ ዳር፣ በበጋ ነፋስ አቧራ የሚያጠግብ ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ጉድለት ወዲያው ዐይን ውስጥ ይገባል። ከብት ሲነዳ እንኳ ከሩቅ የሚለየው በአቧራው ነው፤ የመቶ ፈረሰኛ ግልቢያማ ሰማዩን ማጥቆር ነበረበት። የድንጋይ ግንቦቹም እንዲሁ ናቸው። ቅርጻቸው በጥንቃቄ ተሠርቷል፣ ወታደሮች በላያቸው መሄድና መዋጋት መቻላቸውም ታላቅ ጭማሪ ነው፤ ነገር ግን የዝናብ ዱካ፣ የጭስ ጥላሸት፣ በሠራተኛ እጅ የተጠረበ ድንጋይ ሸካራነት አይታይባቸውም። ሁሉም ከካርቶኑ ገና የወጣ የፕላስቲክ ዕቃ ይመስላሉ። የብራና ሥዕልን የሚያስከብረው ደማቅነቱ ብቻ እንዳልሆነ ሠሪዎቹ ማስተዋል ነበረባቸው፤ ቀለሙ የተቀመጠው በእንስሳ ቆዳ ላይ ነው፣ የቆዳውም ሥርና ስንጥቅ፣ የገጹም መንጣትና መቆሸሽ ከቀለሙ ጋር አብሮ ይታያል። ከብራናው ቀለሙን ወስዶ ቆዳውን መተው ግማሽ መንገድ መሄድ ነው።

ይህን የምለው ድርጅቱ አይችልም ብዬ አይደለም። ይኸው ሬሊክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ካምፓኒ ኦፍ ሂሮስ በተባለ ጌም ቦምብ የወደቀበት መሬት ተቦርቡሮ ይቀር ነበር፤ አፈሩ ሲበተን ክብደቱ ይሰማ ነበር። እርግጥ ያ ጌም በጥቂት ጓዶች የሚካሄድ ውጊያ ነበር፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች እስከ 200 የሚደርስ ሕዝብ ያንቀሳቅሳል፣ በአንድ ግጥሚያም እስከ ስምንት ተጫዋቾች ሊገቡ ይችላሉ። አቧራና ጥላ የኮምፒውተርን ጉልበት ይበላሉ። ጌሙ የሚፈልገው ዝቅተኛ ራም 8 ጊጋባይት መሆኑ፣ ራሱን የቻለ የግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ እንዲሠራ መታሰቡም እንደኛ ላለ ተጫዋች ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ጠንካራ ኮምፒውተር ያለው ሰው አቧራውንና ጥላውን ከፍ የሚያደርግበት፣ ደካማ ያለው ደግሞ የሚያጠፋበት ምርጫ ማኖር ሁለቱንም ያገለግላል።

የሚያስቆጨው፣ የብራናው መንፈስ በጌሙ ውስጥ በሚገባ የሠራበት ቦታ መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1066ቱ የሄስቲንግስ ጦርነት በሚጀምረው የኖርማኖች ዘመቻ መካከል የሚታዩት አጫጭር ታሪካዊ ፊልሞች፣ ዛሬ የተቀረጸን እውነተኛ ሜዳና ግንብ ያሳዩና በላዩ የጥንቱን ሠራዊት በወርቃማ ምስል ይሥሉበታል። እውነተኛው መሬት ከሥር ስላለ ወርቁ ይከብራል፤ ሜዳው ባዶ ቢሆንም ሰዎቹ እዚያ እንደነበሩ ዐይን ያምናል። በድምፅም በኩል የሚያስደንቅ ጥንቃቄ ተደርጓል፤ የእንግሊዝ ወታደሮች ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ ንግግራቸው ከጥንታዊው እንግሊዝኛ ወደ ኋለኛው እየተለወጠ ይሄዳል። ለጆሮ ይህን ያህል የተጨነቀ ሥራ ለዐይንም በውጊያው ሜዳ ላይ ያንኑ ያህል ሊጨነቅ ይገባው ነበር።

ሕንፃዎቹ ግን ከሥልጣኔ ሥልጣኔ፣ ማለትም ተጫዋቹ ከሚመርጠው ከአንዱ ሕዝብ ወደ ሌላው፣ በግልጽ ይለያሉ፤ በዚህ ረገድ ከሁለተኛው ክፍል የተሻለ ሥራ ነው ለማለት አላመነታም። በዚያኛው ብዙ ሕዝቦች አንድ ዓይነት ቤት ይጋሩ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጨመሩ ከማሊ ጋር አንድ የሕንፃ መልክ ነበር የተሰጣቸው፤ የአክሱምንና የላሊበላን ድንጋይ ጠራቢዎች ለሚያውቅ ሰው ይህ አሳዛኝ ነበር። በአዲሱ ጌም ሞንጎሎች ድንኳናቸውን በጋሪ ጭነው ሰፈራቸውን ሲያዛውሩ፣ ሩሶች በእንጨት ሲገነቡ፣ ቻይናዎች ከሥርወ መንግሥት ወደ ሥርወ መንግሥት ሲሸጋገሩ በአንድ እይታ ይታወቃሉ። ለመነሻ ከሚቀርቡት ስምንት ሥልጣኔዎች መካከል ከሰሐራ በታች ያለ አፍሪካ አለመኖሩ ግን ቅር ያሰኛል፤ ወደፊት ሲጨመር እያንዳንዱ በራሱ ሕንፃ እንዲመጣ ከወዲሁ እጠይቃለሁ።

የካሜራው ከፍታ ሌላው መታረም ያለበት ነገር ነው። በቪዲዮዎቹ ላይ እይታው ለመሬቱ በጣም የቀረበ በመሆኑ፣ ከበባ ሲካሄድ ቅጥሩንና ከበባውን የሚያካሂደውን ሠራዊት በአንድ ስክሪን ማየት አይቻልም፤ ትልልቆቹ መሣሪያዎችና ወፍራሞቹ ፍላጻዎች ይበልጥ ትልቅ የሚመስሉበት አንዱ ምክንያትም ይህ ቅርበት ነው። ተጫዋቹ እይታውን ወደ ኋላ እንዲስብ ቢፈቀድለት ከግነት ቅሬታው ጥቂት የማይባለው በራሱ ይቀላል። ከስክሪኑ ግርጌ ያሉት የትእዛዝ ምልክቶች ደግሞ ጠፍጣፋና እርስ በርስ የሚመሳሰሉ በመሆናቸው የስልክ ጌም ያስመስሉታል፤ የብራናው ጌጥ በሚገባ ሊገባበት ይችል የነበረው ቦታ ይህ ነበር። የሐረግ ጌጥ በገጹ ጠርዝ እንደሚሣል ሁሉ የስክሪኑም ጠርዝ ጌጥ መሸከም ይችላል፤ ጨዋታውን አይሸፍንም።

በዚህ ሁሉ ላይ ተመሥርቼ፣ ለመውጫው ዋጋው ወደ 60 ዶላር የተተመነውን ይህን ጌም ቅድሚያ ከፍሎ መግዛትን ለአዳማ ጓደኞቼ አልመክርም። ሥራው በፍቅር እንደተሠራ አያጠራጥርም፤ ሕንፃዎቹ፣ ድምፁና ታሪካዊ ፊልሞቹ ገንዘቡን ሊያስወጡ የሚችሉ ናቸው። ነገር ግን ጌሙ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ሌሎች የሚለቁትን ሙሉ የጨዋታ ቪዲዮ፣ በተለይም ብዙ ቀስተኞች ያሉበትን የከበባ ውጊያ ተመልክቶ፣ ፍላጻው መቅጠኑንና ካሜራው ወደ ኋላ መሳብ መቻሉን አረጋግጦ መግዛት ይሻላል። እነዚህ ሁለቱ ከተስተካከሉ የቀረውን በትዕግሥት መጠበቅ ይቻላል፤ ካልተስተካከሉ ሁለተኛው ክፍል በታደሰው እትሙ አሁንም በብዙዎቻችን ኮምፒውተር ላይ አለ።