ከ9 ወር በኋላ፦ ግራፍ የመረጠው፣ ጆሮ ያስቀመጠው ስፒከር

የስፒከሩ ጥንድ ባለ 5 ኢንች ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው) እና ባለ 1 ኢንች ቱዊተር (ቀጭኑን የሚያወጣው) ነው። ማጉያው ውስጡ ነው፣ የቤዝ መተንፈሻው ከጀርባ። ከኅዳር ጀምሮ ባሕር ዳር፣ የብሎኬት ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ባለው 4.2 በ3.4 ሜትር ሳሎን ውስጥ ሲሠራ 9ኛ ወሩን ይዟል። ሱቅ ውስጥ ከጎኑ ከተቀመጠው ጋር ሲሰማ ተሸናፊው እሱ ነበር። የያኛው ቤዝ ደረት ይመታል፣ ጸናጽሉ ይፈነጥቃል፤ ይሄኛው ደረቅ ያለ ይመስላል። የተገዛው በልኬቱ ነው።

የሱቅ ማዳመጥ የሚያሳስተው በሁለት መንገድ ነው። ከሁለት ስፒከር አንዱ በ1 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ያህል ከፍ ቢል ጆሮ «ጮኸ» አይልም፣ «ጠራ» ነው የሚለው። ዓይንም ነጥብ ይሰጣል፦ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ በ1994 ባወጡት ሙከራ፣ ስፒከሩን እያዩ የሰሙ ሰዎች የሰጡት ደረጃ ሳያዩ ከሰጡት ተለይቶ ተገኝቷል። ካርቶኑ ላይ «3000 ዋት ፒኤምፒኦ» (ለቅጽበት ብቻ የሚባል የተጋነነ ኃይል) የተጻፈበትን ዕቃ ማለፍ ነው። «ከ45 ሄርዝ ጀምሮ» የሚለውም (ሄርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) 45 ላይ ስንት ዴሲቤል ወርዶ እንደሆነ ካልተጻፈ ባዶ ቁጥር ነው።

መታየት ያለበት ግራፍ ሲቲኤ-2034 በሚባለው ደረጃ የተሠራው ነው፤ ማሚቶ በሌለበት፣ ስፒከሩ በአግድምም በቁመትም ዙሪያውን በየ10 ዲግሪው፣ በጠቅላላው 70 ጊዜ ይለካል። የፊት ለፊቱ መስመር ከ100 ሄርዝ እስከ 10 ኪሎ ሄርዝ ከ3 ዴሲቤል በላይ መውጣትና መውረድ የለበትም። የጎኑ መስመር (ወደ ጎን የሚወጣው ድምፅ) ደግሞ ቀስ እያለ ይወርዳል እንጂ መሀል ላይ አይዘልም። ብሎኬትና ሴራሚክ ባለበት ቤት ጆሮ ላይ ከሚደርሰው ድምፅ አብዛኛው ግድግዳ ነክቶ የመጣ ስለሆነ፣ የጎኑ መስመር ለእኛ ቤት ይበልጥ ያሳስባል።

ግራፉ ዝም ያለው ስለ ቤዝ ነው። ከ300 ሄርዝ በታች ጌታው ክፍሉ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል፤ 343ን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ማካፈል ነው። 4.2 ሜትሩ 41 ሄርዝ፣ 3.4 ሜትሩ 50 ሄርዝ ላይ ያስተጋባል። ሶፋው ከግድግዳ ጋር ሲጣበቅ ከበሮ ያጓራል፤ ርዝመቱ እኩሌታ ላይ ሲሆን 41 ሄርዙ ይጠፋል። ከኋላ ግድግዳ 1.6 ሜትር ላይ ይረጋል። ስፒከሩን ቡፌ ውስጥ መክተት ግን በምንም አይታረምም።

ሁለተኛው ችግር ስፒከሩ ከጀርባው ግድግዳ ያለው ርቀት ነው። ፊቱ ከግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ 143 ሄርዝን ይሽራል፤ የወንድ ድምፅ ይሳሳል። ወደ 35 ሳንቲ ሜትር ሲጠጋ ጉድጓዱ (ድምፁ የሚሻርበት ቦታ) ወደ 245 ሄርዝ ይወጣል፣ መተንፈሻው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አየር ያገኛል፣ የሚጨምረውን ቤዝ ከጀርባ ባለው ማብሪያ 2 ዴሲቤል መቀነስ ነው። ግድግዳ ላይ ጋቢ መስቀል ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ይበላል፤ ቤዙን አይነካውም።

ጆሮ የሚዳኘው እዚህ ላይ ነው፤ ዳኝነቱ ግን ስፒከሮቹ በነጠላ ተጋርደው ነው። ነጠላ ሳሳ ያለ ስለሆነ ድምፅ ያሳልፋል፤ ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ አይሆንም። ትንፋሽ ካለፈ ድምፅ ያልፋል። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንድ አንድ ስፒከር ብቻ ጎን ለጎን ይቆማል፤ ሁለት አብረው ሲጮኹ ጉድለት ይደበቃል። ፒንክ ኖይዝ (ሽሽ የሚል የመለኪያ ድምፅ) ተከፍቶ በስልክ መለኪያ ልዩነቱ ከግማሽ ዴሲቤል በታች ይስተካከላል። የስልኩ ቁጥር ራሱ አይታመንም፣ ልዩነቱ ግን ይበቃል። ከዚያ ዕለት ዕለት የሚሰማ የሰው ንግግር፣ ቀጥሎ በገና። እንዚራው፣ ከበገናው አውታር ሥር የሚገባው ቆዳ፣ የሚሰጠው ንዝረት የቱዊተሩ አካባቢ ከፍ ያለ ከሆነ የዝንብ ጩኸት ይሆናል፤ የተስተካከለ ከሆነ ከአውታሩ ጋር ተጣብቆ ይሰማል። ያኛው ስፒከር እዚህ ነው የወደቀው።

ለክፍሉ ልኬት ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ዩሚክ-1 የሚባለው የመለኪያ ማይክሮፎን እያንዳንዱ የራሱ ማስተካከያ ፋይል አለው። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ዝናብ ከያዘ ልኬቱ ዋጋ የለውም፤ ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ነው። ከ300 ሄርዝ በታች ጉብታውን (በልኬቱ ከፍ ብሎ የታየውን) ብቻ መቀነስ ነው። ጉድጓድ በ6 ዴሲቤል ለመሙላት አራት እጥፍ ዋት ይጠይቃል፣ ጉድጓዱ ግን አይሞላም።

በ9 ወር የታዩት ጉድለቶች እነዚህ ናቸው። ማታ ጸጥ ሲል ከቱዊተሩ ቀጭን ሽሽታ አለ፣ 2 ሜትር ላይ አይሰማም። የላፕቶፕ ቻርጀር ሲሰካ 50 ሄርዝ እምምም የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ሁሉንም በአንድ ማከፋፈያ መሰካትና ባላንስድ ገመድ (ጣልቃ የሚገባ ድምፅ እንዲሰረዝ የተሠራ) መጠቀም ያጠፋዋል። የመሬት መስመሩን መቁረጥ ክልክል ነው። መብራት ሲሄድ ስፒከሩን ከጀርባው ማጥፋት፣ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ማብራት ያስፈልጋል። ነጎድጓድ ሲጀምር የኃይሉም የድምፁም ገመድ ይነቀላል። የበጋ አቧራ ቱዊተሩ ላይ ሲያርፍ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ እንጂ ጣት አይነካውም፤ አንዴ ወደ ውስጥ የገባ የቱዊተር ጉልላት ቢወጣም ሽብሽቡ ይቀራል።

ለሠርግ ከበሮና ለትልቅ አዳራሽ አቅሙ አይበቃም፤ ከ50 ሄርዝ በታች ቶሎ ይወርዳል። እንዲህ ላለ ሥራ ዉፈሩ ቢያንስ 8 ኢንች ይሁን፣ ወይም ለብቻው ሰብዉፈር ይጨመር።